ከሎቤዱ ፊት የቆመችው ቪትዝ

(ቃሊቲ፣ የጭነት መኪኖች ግቢ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። አዋላጅ ነርሷ አስካለ መኪኖች የጫነ ረጅም ተጎታች፣ ሎቤድ ፊት ትንሿን ቪትዝ መኪናዋን ገትራ መሪ እንደያዘች ተቀምጣለች፤ የትራንስፖርት ደላላው ጋሽ ድንቁ መስኮቷ ላይ ጎንበስ ብለዋል።)

ድንቁ፦ ኧረ ሲስተር፣ በማርያም! አንሺያትና ሎቤዱ ይውጣበት!

አስካለ፦ አላነሳም።

ድንቁ፦ አምስት መኪና ተጭኖ፣ ሹፌሩ ሞተር አስነስቶ!

አስካለ፦ አምስተኛው ቦታ የኔ ነበር። ዛሬ፣ በዚህ ሎቤድ፣ እስከ ጋምቤላ። ውሉን የጻፉትም የፈረሙትም እርስዎ ነዎት።

ድንቁ፦ ጽፌያለሁ። ግን ሎቤዱ የኔ መሰለሽ እንዴ? እኔ ደላላ ነኝ። መኪና የሚያስጭነውን ሎቤድ ካለው ጋር አገናኛለሁ። ቦታ የሚሰጠው ባለሎቤዱ ነው።

አስካለ፦ ባለሎቤዱን ቅድም አነጋገርኩት። ስልኩ በሩ ላይ ተጽፏል።

ድንቁ፦ ምን አለሽ?

አስካለ፦ «አምስቱንም ቦታ ለጋሽ ድንቁ ሰጥቻለሁ፤ ማን እንደሚጫን እሳቸውን ጠይቂ» አለኝ። በኔ ቦታ የተጫነችው ያቺ ነጭ መኪና የማን ናት?

ድንቁ፦ የአንድ ትልቅ ሰው። ትናንት ደወለ። እምቢ የሚባል ሰው አይደለም።

አስካለ፦ እምቢ የምባለው እኔ ነኛ?

ድንቁ፦ እሱማ... አንቺ ትረጂኛለሽ ብዬ ነው። በአሥር ቀን ውስጥ ሌላ ሎቤድ ይወጣል።

አስካለ፦ ሰኞ ሥራ እገባለሁ።

ድንቁ፦ እንግዲያው ጎበዝ ሹፌር ልስጥሽ፤ እየነዳ ያድርስልሽ።

አስካለ፦ ይምጣና ይሞክራታ! እግሮቼ አይታዘዙኝም፣ ፔዳሉን አስነቅዬዋለሁ። ፍሬኑም ነዳጁም መሪው ሥር ባለው ዘንግ፣ በእጅ ነው። ለመልመድ እኔን ራሴን ሦስት ወር ፈጅቶብኛል።

ድንቁ፦ ታዲያ ራስሽ ንጂያት!

አስካለ፦ ያን ሁሉ መንገድ ትከሻዬ አይችለውም። ስለማይችል ነው እርስዎ ጋ የመጣሁት።

ድንቁ፦ እሺ፣ ያለ መኪና ሂጂ! ጋምቤላ ባጃጅ ሞልቷል። የሚያደርስሽ ሰው አይጠፋም።

አስካለ፦ ጋሽ ድንቁ፣ እስከ ሠላሳ ዓመቴ ሰው ነው ያደረሰኝ። ወንድሜ ሲመቸው፣ ጎረቤት ደስ ሲለው። አንድ ቀን ምጥ የጠናባት ሴት አስጠራችኝ። የሚወስደኝ ሰው ሻዩን እስኪጨርስ በር ላይ ክራንቼን ተደግፌ ጠበቅኩ። ስደርስ ሕፃኑ ሞቷል። ከዚያ ወዲህ የማንንም ሻይ አልጠብቅም።

ድንቁ፦ ...ይህንን አላወቅኩም።

አስካለ፦ አሁን አወቁ።

ድንቁ፦ ቢሆንም ግቢውን ዘግተሽ አትውይም። ፖሊስ እጠራለሁ!

አስካለ፦ ይጥሩ። እኔ ውል አሳያለሁ። ለነጯ መኪና እርስዎ ምን ያሳያሉ?

ድንቁ፦ በስልክ ነው የተነጋገርነው...

አስካለ፦ ይደውሉለትና ስልኩን ለኔ ይስጡኝ። የማንን ቦታ ወስዶ እንደተጫነ ልንገረው። ምናልባት እሱም አያውቅም ይሆናል።

ድንቁ፦ ተይ፣ ተይ! እኔው እነግረዋለሁ። ቢቆጣም ይቆጣ፣ ምን አባቴ ላድርግ! እናንተ ጫኞች! መወጣጫውን ዘርጉት! ነጯ ትውረድ!

አስካለ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ድንቁ፦ በይ፣ የርክክቡ ወረቀት ይኸው። ታች ፈርሚና ቁልፉን ስጪኝ።

አስካለ፦ ባዶ ወረቀት ላይ?

ድንቁ፦ ሁሉም እንደዚህ ነው የሚፈርመው። ኋላ እሞላዋለሁ።

አስካለ፦ ኋላማ ጋምቤላ ላይ «ማን ጫራት» ልንባባል ነው። ብዕርዎን ያውጡ። ከፊት መብራቷ ጀምረን ዙሪያዋን አብረን እናያለን፣ ያለባትን ጭረት ሁሉ ይጽፋሉ፣ እኔም ፎቶ አነሳለሁ። ከዚያ እፈርማለሁ።

ድንቁ፦ ቁልፉስ?

አስካለ፦ ቁልፉ እኔ ጋ ይቆያል። ሎቤዱ ላይ የማወጣት እኔ፣ ጋምቤላም ቀድሜ ደርሼ የማወርዳት እኔ። አሁን ከመንገዴ ዞር ይበሉልኝ።