ያለ መውጫ ወረቀት ስለወጣው የራጅ ፊልም

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ መሰለች ተስፋሚካኤል
ዕድሜ፦ 47
ሥራ፦ የራጅ ባለሙያ
አድራሻ፦ አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ገላን ኮንዶሚኒየም
ቃል የተሰጠበት፦ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3፡20

የተጠራሁት አቶ ኑሪ ሀይረዲን ከምሠራበት የግል የምርመራ ማዕከል የራጅ ፊልም ሰርቋል ስለተባለው ጉዳይ የማውቀውን እንድናገር ነው። አልሰረቀም።

ትናንት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ሳሪስ አቦ ሱቅ ያለው አቶ ኑሪና ባለቤቱ ወ/ሮ ሰኪና የአምስት ቀን ወንድ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጁ አረንጓዴ ያስመልሰው ነበር። ጎረቤት ጡት በዝቶበት ነው ስላላቸው አባትየው "እትዬ፣ ቀላል ነገር ነው አይደል?" እያለ ይጠይቀኝ ነበር። ሐኪም ባዘዘው መሠረት በራጅ የሚታየውን ፈሳሽ በቱቦ ሰጥቼ ፊልም አነሳሁ። የጤነኛ ልጅ ትንሹ አንጀት ከጨጓራ እንደወጣ ወደ ግራ ይሻገራል። የዚህ ልጅ ግን በቀኝ በኩል ወርዶ እንደተጨመቀ ጨርቅ ተጠማዟል። ከማሕፀን ጀምሮ ቦታውን ሳይይዝ የቀረ አንጀት ነው፤ ሲዞር ደም ይቋረጥበታል። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ አምስት አይቻለሁ፤ ሁለቱ አልተረፉም። በዚህ አልሳሳትም።

በማዕከላችን ደንብ የራጅ ባለሙያ ውጤት አይናገርም። ፊልሙን የሚያነበው ሐኪም የሚመጣው ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፤ ሦስት ጊዜ ብደውልም አላነሳም። እስከ ትናንት "ሐኪም ያየዋል" እያልኩ አፌን ዘግቼ ኖሬአለሁ። ትናንት አስጠላኝ። ፊልሙን በገዛ እጄ ለአባትየው ሰጥቼ፣ "የልጅህ አንጀት ዞሯል፤ 11 ሰዓትን አይጠብቅም። ሆስፒታል ሩጥ፣ ለቀዶ ሐኪሞቹ ይህን አሳይ" አልኩት። በጥድፊያ መውጫ ወረቀት ሳልጽፍለት ቀረሁ። ስህተቱ የኔ ነው።

በሩ ላይ ጥበቃው አቶ ጂራታ ወረቀት ሲጠይቀው ገፍቶት ወጣ፤ አቶ ጂራታ ወድቆ ክንዱ ተላጠ። ይህን በመስኮት አይቻለሁ፤ አባትየው አሳዘነኝ ብዬ አልደብቅም። "ሌባ!" ተብሎ የተጮኸው ያኔ ነው። ፖሊስ የያዘው ሆስፒታል ደርሶ ልጁን ለሐኪሞቹ አስረክቦ ሲወጣ ነው።

ዛሬ ጠዋት ወ/ሮ ሰኪና ደውላልኝ ነበር። ሐኪሞቹ ሲከፍቱት አንጀቱ ጠቁሮ ነበር፤ ጥምዛዜውን ሲፈቱት ቀላ። ልጁ ተርፏል። አባቱ ግን እዚሁ ጣቢያ ታስሮ ልጁ ይኑር ይሙት አያውቅም።

መርማሪው ይህ ቃል በራሴ ላይ እንደሚዞርና እንጀራዬን ሊያሳጣኝ እንደሚችል ነግረውኛል። ይጻፍ ብያለሁ። ነገም እንዲህ ያለ ፊልም ቢገጥመኝ እሰጣለሁ።

ቃሌ ተነብቦልኝ ያልኩት ሁሉ እንዳልኩት መጻፉን፣ እውነትም መሆኑን አረጋግጣለሁ። ከመፈረሜ በፊት የልጁ መትረፍ ለአቶ ኑሪ እንዲነገረው ጠይቄ መርማሪው ሄደው ነግረውታል። ልቅሶውን ከዚህ ሆኜ ሰምቻለሁ፤ ያለቀሰው በደስታ መሆኑም እንዲመዘገብልኝ ጠይቄ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፣ ዋና ሳጅን ሉቃስ ታደሰ ____________