ታድግበታለች

ከነቀምት ወደ ኡኬ በምትሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ አንድ አባትና አንዲት ጠና ያሉ ሴት ተቀምጠው ያወራሉ። ሰውየው አዲስ የልጅ የዋና መነጽር በእጁ ይዟል።

«ለልጅህ ነው? ልኳ ነው?» አሉት።

«አሁንማ ልኳ ነው፣ አዴ። መጀመሪያ የገዛሁት ነው ትልቅ የነበረው።»

«ባለሱቁ አልነገረህም?»

«ነግሮኛል። ‹ኦቦ፣ ይሄ የአዋቂ ነው› አለኝ። እኔ ደግሞ ታድግበታለች አልኩት።»

«ዋቃዮ! መነጽር እንደ ዩኒፎርም እጥፋቱ ይተረተራል እንዴ?»

«ላስቲኩን ቋጠርኩላትና ወደ አንድ ሆቴል መዋኛ ይዣት ሄድኩ። ‹አባ፣ ውሃ አይገባም አይደል?› አለችኝ። አይገባም አልኳት፤ ዘላ ገባች።»

«ገባ?»

«ሞላ እንጂ! ዓይኗን ይዛ ስትጮህ ተሸክሜ አወጣኋት።»

«አይዞህ፣ ልጅ ይረሳል። ይሄንን ስታይ ደስ ይላታል።»

«አይታዋለች። ዛሬ ጠዋት አጠለቅኩላት፤ ልክክ አለ።»

«ታዲያ ለምን ይዘኸው ትሄዳለህ?»

«ኡኬ ላለችው ለአክስቷ ልጅ ስጥልኝ አለችኝ። ‹እሷ ትዋኝበት፤ እኔ ፈራሁ› አለች።»

እኔ በልጅነቴ ሰፍቶኝ ጫፉ ውስጥ ጨርቅ እየጠቀጠቅሁ የጨረስኩት ጫማ ትዝ አለኝ።