የጋሽ ታደሰ እንግዳ

ነገሩን መጀመሪያ የነገረችኝ የጋሽ ታደሰ ሚስት ወይንሸት ናት። የእነሱ ተከራይ፣ አቃቂ የምታስተምረው ህንዳዊቷ ሚስ ሊና፣ ባንክ ሂሳብ ልትከፍት ብትሄድ «የት እንደምትኖሪ ከቀበሌ አጽፈሽ አምጪ» ተባለች። ሂሳብ ካልከፈተች ደሞዝ የለም። ጋሽ ታደሰ ደግሞ ግብሩን ፈርተው ማከራየታቸውን ለቀበሌ ደብቀዋል። «ጎረቤት ነሽ፣ መስክሪልኝ» ቢሉኝ፣ ወሬ እንዳያመልጠኝ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ተከተልኩ።

ከሚስ ሊና ጋር ቀበሌ ስንደርስ ጋሽ ታደሰ ደረታቸውን ነፍተው «ተከራይ አይደለችም፤ እንግዳዬ ናት» አሉ። ጸሐፊዋ ወደ እኔ ዞረች። «እውነት ነው?»

«እንዴታ! እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩዋት» አልኩ። ያንን እንኳ ማን ጠየቀኝ!

ሚስ ሊና አማርኛ የምትሰማ አልመሰለንም ነበር። ቀስ ብላ፣ «ጋሽ ታደሰ፣ እንግዳ ከሆንኩ ቧንቧውን ለምን ይቆልፉብኛል?» አለች። ከሰልፉ አንዲት አሮጊት «ውይ! በእንግዳ ላይ ውሃ ይቆለፋል?» ብለው አማተቡ። እኔ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ፤ በየማለዳው ቁልፉ ሲዞር በአጥሩ ቀዳዳ የማየው እኔው ነበርኩ።

ሚስ ሊና ሳሪስ አቦ ሌላ ቤት ተከራየች፤ የዚያ ቀበሌ ጻፈላትና ሂሳቡም ተከፈተላት። የጋሽ ታደሰ ክፍል ባዶ ነው። ቧንቧው አሁን አይቆለፍም። እኔን ከዚያ ወዲህ ለምስክርነት የጠራኝ የለም።