ቁም ሣጥኑ የሸፈነው ስንጥቅ

የሟቹ ሰዓት ሠሪ ሚስት ከቀለም መሸጫው ኖራ ተሸክማ ስትወጣ ከጎረቤቷ ልጅ ጋር በሩ ላይ ተገጣጠሙ። ልጅቱ የግንባታ ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ከያዘች ገና መንፈቋ ነው።

«እትዬ፣ ይሄን ሁሉ ኖራ ምን ሊያደርጉት ነው?»

«ነገ የቅርስ ቢሮ ሰዎች ቤቱን ሊያዩ ይመጣሉ። ግድግዳውን ልለስነው ብዬ ነው።»

«ለጥገናው ድጎማ አመልክተው? ታዲያ ስንጥቁን ከለሰኑት ምን አይተው ይሰጡዎታል?»

ሴትየዋ አንገቷን ደፋች። ባለፎቁ አሮጌ ቤት የአማቷ የእጅ ሥራ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ዓይኗ እያየ ዝናብ በላው። «የሰው ቤት ተረክባ አፈረሰችው» ከምትባል መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጣለች።

«ልጄ፣ ገበናዬን አደባባይ ላውጣ? ይሄ ከልመና በምን ይለያል?»

«ልመና አይደለም፣ ውል ነው። ቢሮው ለጥገናው ያግዛል፤ እርስዎ የጥንት መልኩን ይጠብቃሉ፤ ፎቁንም አከራይተው ይጠቀሙበታል። ‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም› ሲሉ ከእርስዎ አፍ አይደል የሰማሁት?»

«አንቺ ደግሞ! በገዛ ምላሴ ትገርፊኛለሽ?» አለችና ኖራውን መሬት አስቀመጠች። በሹክሹክታም፣ «አምናም መጥተው ነበር» አለች።

«ታዲያስ?»

«ቁም ሣጥኑን ስንጥቁ ላይ አስጠጋሁት። የበሰበሰው ወለል ላይ ምንጣፍ አነጠፍኩ። ‹ቤትዎ ሙሽራ መስሏል› ብለው አመስግነውኝ ሄዱ። ከዚያ ‹ጥገና አያስፈልገውም› የሚል ደብዳቤ መጣ።»

ልጅቱ ልትስቅ አፏን ከፍታ፣ የሴትየዋን ዓይን ስታይ ዘጋችው። «እትዬ፣ ነገም እንዲያ ካደረጉ ቢሮው ተመልሶ አይመጣም። ክረምቱ ግን ይመጣል።»

ማፈር ክፉ አይደለም። ነገር ግን ስንቱን ቤት ከዝናቡ ይልቅ የባለቤቱ እፍረት አፍርሶታል!

በማግስቱ ሴትየዋ ቁም ሣጥኑን ከስንጥቁ ላይ ራሷ ገፋችው። የቢሮው መሐንዲስ እጁን እስከ አንጓው ስንጥቁ ውስጥ አስገባ።

«ይሄ አምና አልነበረም?»

«ነበር። ደብቄው ነው» አለች። ሰውየው ያለችውን እንዳለ መዝገቡ ላይ ጻፈ። መጻፉ ከስድብ በላይ አንገበገባት።

በዓመቱ ፎቁ በቢሮው ድጎማ ተጠግኖ ሁለት መምህራን ተከራዩት። ኪራዩ ጣሪያውን አሳደሰ፤ ልጆቿ ከሚያፈስ ጣሪያ ሥር ባልዲ መደርደራቸው ቀረ፤ የአማቷም ሥራ ለልጅ ልጅ ተረፈ። ከመንገዱ ማዶ አሮጌ ቤት ያላቸው ልብስ ሰፊ፣ «እኔ እንኳ ቤቴን ለሰው ማሳየት አፍራለሁ» ቢሏት፣

«እኔ አሁንም አፍራለሁ» አለቻቸው። «የማፍረው ግን በደበቅኩባቸው ዓመታት ነው። ይልቅ ይነሡ፣ ማመልከቻውን አብረን እንጻፍ።»