ልጆቿን የተካደች ቫሱዋ

ሽማግሌው ኢላይቲያ ላው በሚባሉት ደሴቶች ካሉት ዓሣ አጥማጆች ሁሉ በሁለት ነገር ይበልጣል፤ በመጥለቅና በመዋሸት። ለመጥለቁ ዘንድሮ ትንፋሹ አጥሯል፤ በውሸቱ ግን ገና ጎልማሳ ነው። «አያቴ ባወጣት ቫሱዋ፣ በዚያች ግዙፍ የባሕር ዛጎል ቅርፊት ውስጥ ወንድማማቾች ሁላችን ባንድነት ስንታጠብ፣ ሳሙናው ወድቆብን በዋና ፈልገን አጣነው» ሲል አንድም ቀን ፈገግ ብሎ አያውቅም።

አንድ ማለዳ ባሕሩ ሸሽቶ ሳለ፣ ጦሩን ተመርኩዞ በኮራሉ ላይ ሲያዘግም፣ ከሱቫ ከተማ ከመጣች መርከብ የወረደች ወጣት ቀሚሷን ሰብስባ ወደ እሱ ስትመጣ አየ። ኡላሚላ ናት፤ የእህቱ ልጅ፣ ከተማ ሄዳ የባሕር እንስሳትን ትምህርት የተማረችው።

«ሞሞ፣ እንደምን አደሩ?» አለችው። የእናት ወንድም በዚያ አገር የሚጠራው እንዲህ ነው።

«ደህና መጣሽ የእህቴ ልጅ። በጥሩ ጊዜ ደረስሽ። አለቃችን ካረፉ መቶኛው ሌሊት በቅርቡ ይሞላል፤ በሐዘኑ የተከለከለውም ባሕር ይከፈታል። ይህን ሁሉ ካታቫቱ ለቅመን ለድግሱ እናቀርባለን።» በጦሩ ጫፍ፣ በኮራሉ መካከል ባለው መተላለፊያ ውኃ ውስጥ የተኙትን መዳፍ የሚያህሉ ዛጎሎች አሳያት።

ኡላሚላ ጎንበስ ብላ ብዙ አየች። «ካታቫቱ መሆናቸውን ማን ነገረዎት?»

«ዓይኔ። ካታቫቱ ሲወለድም ትንሽ ነው፣ ሲያረጅም ትንሽ ነው። ቫሱዋ ግዙፍ ናት። ድንክ አድጎ ግዙፍ ሲሆን አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ሕፃን አድጎ ግዙፍ ሲሆን አይቻለሁ። እርስዎም ሲወለዱ ጦር አልያዙም። ሞሞ፣ ቫሱዋ ከዚህ ባሕር ጠፋች እየተባለ ነው። እነዚህ ልጆቿ ከሆኑ በአንድ ድግስ ዘሯን በልተን እንጨርሳለን።»

ኢላይቲያ ወደ ጥልቁ ውኃ ዞር ብሎ አየ። አንዲት አሮጊት ቫሱዋ በጥልቁ ጉድጓድ ውስጥ እንዳለች ያውቃል፤ ለሚስቱ እንኳ አልተናገረም። ውሸታም ሰው አንዲት እውነት ስትኖረው አጥብቆ ይደብቃታል።

«የእህት ልጅ ከእናቷ ወንድሞች የጠየቀችውን አትከለከልም» አላት በመጨረሻ። «መተላለፊያው ይዘጋ በይ፣ ይዘጋል።»

«በመብቴ አላዘጋውም። እኔ መርከብ ስሳፈር እናንተ ትከፍቱታላችሁ። አምናችሁ ዝጉት።»

«በምን ልመን?»

«ሱቅ ውስጥ ሳሙናው ላይ ያለውን ባለ መስመር ምልክት አይተዋል፤ ማሽኑ አንብቦ የዕቃውን ስም ያወጣል። በፍጥረት ሁሉ ሥጋ ውስጥም ዲኤንኤ የሚባል ጽሑፍ አለ። ከእሱ አጭር ቦታ አንብበን፣ ከታወቁት ዝርያዎች ጋር እናስተያየዋለን። ቅርፊት ያታልላል፤ የባሕር አረም ይለብሳል፣ ድንጋይ ያጣምመዋል። ያ ጽሑፍ ግን ከልጅነት እስከ እርጅና ያው ነው።»

«ማሽንሽም እንደ ከተማ ሰው ደስ የሚልሽን ይነግርሻል።»

«እንግዲያው ከዛጎሉ ከንፈር ጫፍ ጥፍር የማታህል ቁራሽ እርስዎ ቆርጠው ይስጡኝ፤ አይሞትም። ከየት እንደመጣ አይንገሩኝ።»

ሽማግሌው ተንኮል ሲያስብ ጆሮው ይቀላል። ጆሮው ቀላ። በማግስቱ በአራት ብልቃጥ ቁራሽ ሥጋ አመጣላት፤ መርከቧም ወደ ሱቫ መመርመሪያ ቤት ይዛው ሄደች።

ድግሱ ሲቃረብ መልሱ በስልክ መጣ። ኡላሚላ ምንጣፉ ላይ ከፊቱ ተቀምጣ አነበበችለት። «የመጀመሪያውና ሁለተኛው አንድ ዘር ናቸው፤ ሁለቱም ቫሱዋ። ሦስተኛው እውነተኛ ካታቫቱ ነው። አራተኛው...» ቀና ብላ አየችው። «አራተኛው ባለ ስምንት ክንዱ ኦክቶፐስ ነው። ምነው ሞሞ፣ ቅርፊቱን የት ጥሎት መጣ?»

«ከሚስቴ ድስት አፍ ነው የሰረቅሁት» ብሎ ሳቀ። ወዲያው ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «ሁለተኛውን ከየት እንዳመጣሁት ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ጥልቁ ውስጥ ካለችው አሮጊት ቫሱዋ ነው። የመጀመሪያው ከመተላለፊያው ነው፤ ልንበላው ከነበረው። ሦስተኛው ከኮራሉ የውጭ ጠርዝ፣ ድንጋይ ነክሶ ከሚኖረው። ላሳስትሽ አስቤ እኔው በራሴ ላይ መሰከርሁ። አሮጊቷ መካን መስላኝ ስታሳዝነኝ፣ ለካ ልጆቿን ስበላ ኖሬአለሁ።»

በዚያው ቀን ያንጎና የተባለው የሥር መጠጥ በሚጠጣበት ሸንጎ ተነሥቶ ተናገረ። ጎረቤቱ ሴኮቬ «ለሟቹ አለቃችን መታሰቢያ ባዶ ሰሐን ልናቀርብ ነው?» ሲል ተቃወመው።

«ባዶ አይደለም። የውጭው ጠርዝ ካታቫቱ ለድግሱ ይበቃል፤ ከካሳቫ ጋር ትጠግባለህ። መተላለፊያው ግን በአለቃችን ስም ተዘግቶ ይቆይ። እናት ካለች፣ ልጆች ካደጉ፣ ባሕሩ ራሱ ይዘራልናል። ያኔ የምንበላውን ከምንጠብቀው ለይተን እናውቃለን፤ ልጅ ሁሉ ድንክ ተብሎ አይበላም።»

ሽማግሎቹ ተስማሙ። የክልከላውን እንጨትም ኢላይቲያ በገዛ እጁ መተላለፊያው አፍ ላይ ተከለ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ነገር በባሕር ብቻ የሚያበቃ አይምሰልህ። ዓይን ያየውን ያህል ያውቃል፤ የማያየውን የሚያነብ ትምህርት ሲመጣ፣ ዓይን ቢከራከርም በክብር ቦታ መልቀቅ አለበት። ኢላይቲያ መጥለቁን አልተወም፤ መርከብ በመጣች ቁጥር ግን አዲስ ቁራሽ ያለበትን ብልቃጥ ይዞ ወደብ ላይ ይጠብቃል።

በድግሱ ቀን ሴኮቬ ትንሿን የካታቫቱ ቅርፊት አንሥቶ፣ «የአያትህ ገንዳ ይህች ናት?» አለው።

«ስለ አያቴ ገንዳ ምናልባት ዋሽቼ ይሆናል» አለ ኢላይቲያ። «መተላለፊያው ውስጥ ስላሉት ግን እኔን አትመነኝ፤ ሥጋቸው ተናግሯል። ሲያድጉ የልጅ ልጆችህ በቅርፊታቸው ውስጥ ይታጠባሉ። የጠፋውን ሳሙናችንንም እነሱ ያገኙልናል።»