የኦቦ ገመቹ ወፎች

ቡራዩ ውስጥ ካርድ በእጄ እየሠራሁ እሸጣለሁ። አንድ ቀን ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ሽማግሌ ቀይ ወረቀት ጠቅልለው መጡ፤ ጨርቅ ገዝቶ ልብስ ሰፊ ቤት እንደሚሄድ ሰው። «አካም ጅርታ፣ ልጄ? ባለቤቴ ተቀይማኝ ሱሉልታ ወንድሟ ቤት ከገባች ሁለት ሳምንቷ ነው። ልጃችን ካርድ ላክላት አለችኝ፤ በዚህ ሥሪልኝ» አሉኝ። እኔም በመቁረጫ ማሽኔ ፊቱ ላይ ሁለት ወፎች፣ ዳር ዳሩን ደግሞ ትናንሽ አበቦች ቆርጬ አሳመርኩት። በነጋታው ካርዱን ስሰጣቸው ጣታቸውን በቀዳዳው አሾልከው፣ «ቁራጩስ?» አሉ።

«አባባ፣ ዲዛይኑ እኮ ቀዳዳው ነው።»

«ቀዳዳማ ቤቴም ሞልቷል! ልብስ ሰፊዬ እንኳ ብጣሽ ጨርቅ ሳያስቀር ይመልስልኛል። ወፎቼ የት ገቡ?»

ምን ልበላቸው? ወፎቻቸውን የሌላ ደንበኛ የልደት ካርድ ላይ ለጥፌያቸዋለሁ! እያፈርኩ እዚያው ፊታቸው በምላጭ አላቅቄ አስረከብኳቸው። አንዷን ካርዱ ውስጥ አስለጠፉኝ። ሌላዋን ኪሳቸው ከተቱና፣ «እቺን ከፈለገች ራሷ መጥታ ትውሰድ» ብለው ወጡ።

በሳምንቱ ባልና ሚስት አብረው ከች አሉ። ሊያመሰግኑኝ ነው ብዬ ፈገግ እያልኩ ተነሳሁ። ባለቤታቸው ግን ሰላምታዬን እንኳ አላስጨረሱኝም። ካርዱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉና ዳር ዳሩ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች በጣታቸው እየቆጠሩ ሄደው ሲያበቁ ቀና ብለው አዩኝ።

«ወፎቹስ ተገናኙ፤ ሰባቱ አበባ የት ደረሰ?»