ማባዛት ይቅደም ወይስ መደመር

ሮቤ ላይ ለስንዴ ገበሬዎች የፀረ አረም መጠን የሚያሰላ ፕሮግራም ስንሠራ፣ የሚጻፍለትን ቀመር አንብቦ የሚረዳውን ክፍል፣ ፓርሰሩን፣ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ፓርሰሩ ሁለት ሲደመር ሦስት ሲባዛ በአራት የሚል ቀመር ሲደርሰው ከየትኛው እንደሚጀምር ስላልነገርኩት ግራ ገባውና አስጠነቀቀኝ። መፍትሔው ማባዛት ይቀድማል የሚል አንድ መስመር ነው። ልጽፈው ስል አለቃችን ኦቦ ጀማል ከኋላዬ ቆመው፣ "ማን ይቅደም የሚለውን አንተ ብቻህን አትወስንም" አሉና ስብሰባ ጠሩ። ሻይ ጠጣን፣ ተናገርን፣ እጅ አወጣን። ምልክቶቹ ሁሉ እኩል ይሁኑ፣ ቀድሞ የተጻፈው ቀድሞ ይሠራ ተባለ።

"ኦቦ፣ አሥራ አራት መሆን ያለበት ሃያ ሊሆን ነው። መድኃኒቱ በዝቶ ስንዴው ይቃጠላል" አልኩ።

"ወላሂ፣ አንተ ልጅ የሰው ድምፅ ትንቃለህ!"

እንዴት አልንቅ? ሒሳብ መቼ ነው በድምፅ ብልጫ የሚወሰነው? እሱን ዋጥ አድርጌ፣ "ለመሆኑ ነገ በዚህ ፕሮግራም መጀመሪያ የሚረጨው የማን ማሳ ነው?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ጎሮ ያለው የእኔ..." አሉና ስብሰባውን ዘጉ። ሌሎቹ እስኪወጡ ጠብቀው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "ለእኔ ማሳ ብቻ ማባዛት ይቅደም። የሌላውን በሚቀጥለው ስብሰባ እናየዋለን።"

መስመሩን ለሁሉም ማሳ ጻፍኩት። ኦቦ ጀማል አሁን ላገኙት ሰው ሁሉ፣ "ተወያይተን ፈታነው" ይላሉ።